ፈቃድ ያለው ጆሮ

«ሥራህ ምንድን ነው?» ሲሉኝ «ድንጋይ አፈነዳለሁ» እላለሁ። «አይከብድም?» ይሉኛል ዓይናቸውን አፍጥጠው። ማፈንዳቱ ምኑ ይከብዳል! ክር ለኩሶ መሸሽ የማይችል ማን አለ? የሚከብደው ወረቀቱ ነው። በየሦስት ዓመቱ ፖሊስ ከወንጀል ነጻ መሆኔን ይመሰክርልኛል፤ ሐኪም ዓይኔን፣ ጆሮዬንና የእጄን መንቀጥቀጥ ያያል፤ የተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ደግሞ እንደ ተማሪ አስቀምጦ አርባ ጥያቄ ይፈትነኛል። ይህን ሁሉ ካለፍኩ ፎቶዬ ያለበት አረንጓዴ ካርድ ይሰጠኛል። ያ ካርድ ሳይኖረው ፈንጂ የነካ ሰው እስር ቤት ይገባል። ይግባ! በሕጉ አንዳች ቅሬታ የለኝም። ሕጉ አልበደለኝም፤ ሕጉን ያታለልኩት እኔ ነኝ።

ግራ ጆሮዬ ከሞተ አሥራ ሦስት ዓመት አልፎታል። መጀመሪያ ጭው አለ፣ ቀጥሎ ጭውታውም ጠፋ። ካርዴ የሚታደስበት ጊዜ ሲደርስ ሐኪሙ ቀኝ ጆሮዬን በጥጥ ደፍኖ፣ ከኋላዬ ቆሞ ቁጥር ማንሾካሾክ ጀመረ። የምሰማውን መድገም አለብኝ። ምንም አልሰማሁም። ነገር ግን ፊት ለፊቴ ባለ መስታወት የመድኃኒት ሳጥን ነበር፤ የሐኪሙ ከንፈር በመስታወቱ ላይ ወለል ብሎ ይታየኛል። «ስድሳ አራት» አልኩ። «ሠላሳ ሁለት» አልኩ። «ጎበዝ!» አለኝና ማኅተሙን መታው። ዓይኔን በጨው አጥቤ አመስግኜው ወጣሁ። ከዚያ በኋላ በማሽን መመርመር ሲጀመርም መላ አላጣሁም፤ ቁልፉን የምትጫነው ሴትዮ ትከሻዋ ከፍ ዝቅ ይላል፣ እኔም ትከሻዋን እያየሁ «ሰማሁ» እላለሁ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል የለ? እኔ ሞኙም ወረቀቱም ሆንኩ።

አሁን ይህ ለምን አስፈላጊ እንደሆነ ልንገራችሁ። በእኛ የድንጋይ ካባ እያንዳንዱ የተሞላ ጉድጓድ የራሱ ክር አለው። አንዱን ክር ከሌላው እያስረዘምኩ ስለምቆርጠው ጉድጓዶቹ ተራ በተራ ነው የሚፈነዱት። እኛ ከመከለያው ጀርባ ሆነን እንቆጥራለን። ሃያ ጉድጓድ ከተሞላ ሃያ ድምፅ መሰማት አለበት። አሥራ ዘጠኝ ከተሰማ አንዱ ከሽፏል ማለት ነው፤ ድንጋዩ ውስጥ ተኝቶ መሰርሰሪያ እስኪነካው ይጠብቃል።

ከካባው ትይዩ ደግሞ ሌላ ገደል አለ። በጠራ ቀን ማሚቶው ይንኳለልና ይጠፋል። ደመናው ዝቅ ባለ ቀን ግን የመጨረሻው ፍንዳታ ማሚቶ ተመልሶ ሲመጣ ቁርጥ ያለ ነው፤ ራሱን የቻለ ፍንዳታ ይመስላል። ሁለት ጆሮ ያለው ሰው አይሳሳትም፤ አንዱ ከፊት፣ ሌላው ከኋላ መምጣቱን ያውቃል። አንድ ጆሮ ብቻ ያለው ግን ፊትና ኋላ የለውም። ሁሉም ድምፅ የሚገባው በአንድ በር ነው።

ይህን ያወቅሁት ሰው ገድዬ ነው።

የታላቅ እህቴ ባል ሰርሳሪ ነበር፤ ጉድጓዱን በማሽን የሚበሳው እሱ፣ ሞልቼ የማፈነዳው እኔ። ሠራተኛው ሁሉ «ቀስ-በል» ነበር የሚለው። መኪና የሚያጥበውንም፣ ሻይ የሚጠጣውንም፣ ሚስቱን የሚቆጣውንም «ቀስ በል» ስለሚል ነው። ምሳውን እንኳ ሲበላ ሌላው ሰው ጨርሶ፣ ሸልቦ፣ ይነሳል። እኔ ቁጡ ነኝ፤ እሱ ደግሞ ሲቆጡት የሚስቅ። በዚህ ተጣጥመን ኖርን።

ያን ቀን ደመናው አናታችን ላይ ነበር። አሥራ ስምንት ጉድጓድ ለኮስኩ። ከመከለያው ጀርባ ሁለታችን ብቻ ነበርን።

«አሥራ ሰባት» አለ ሲያበቃ።

«አሥራ ስምንት» አልኩት።

«የመጨረሻው ማሚቶ ነው እኮ። አንዱ ከሽፏል፣ ቀስ በል።»

ደሜ ፈላ። ጆሮዬን የተጠራጠረ መሰለኝ፤ ለካ የተጠራጠርኩት እኔው ራሴ ነኝ። ካርዱን ከደረት ኪሴ አውጥቼ አፍንጫው ሥር አውለበለብኩት። «ይቺን ያወጣው አንተ ነህ ወይስ እኔ? በሕጉ የማን ቁጥር ነው የሚጸናው?» አልኩት። እሱም ሳቀና «እሺ ጌታው፣ ካርዱ ከሰማ ሰምቷል» አለ። የራስ ቁሩን አጥልቆ ሄደ። ያኔ እንኳ ልጠራው እችል ነበር። ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነና ዝም አልኩ። ሁለት ሰዓት ሳይሞላ መሰርሰሪያው የከሸፈውን ጉድጓድ አገኘው።

መርማሪዎቹ ሲመጡ የእኔን ካርድ አዩ፣ የሐኪሙን ማኅተም አዩ፣ የመዘገብኩትን አሥራ ስምንት አዩ። እናም «ሟቹ በጥድፊያ፣ ትርፍራፊ ፈንጂ ሊኖርበት በሚችል አሮጌ ጉድጓድ አፍ ላይ፣ በክልክል ቦታ በመሰርሰሩ» ብለው ጻፉ። በጥድፊያ! ቀስ-በል! እኔም ከሥሩ ፈረምኩ። የሞተ ተጎዳ ይላሉ፤ እውነት ነው፣ የሞተ ሰው ሪፖርት አያርምም።

እንዳትስቁብኝ እንጂ፣ ከዚያ ወዲህ ብቻዬን ሆኜ አላውቅም። እብድ አይደለሁም፤ ማበድ አለማበዴን የሚያይ ሐኪምም በየሦስት ዓመቱ አለ፣ አልፌዋለሁ። ሕጉ ከመጨረሻው ፍንዳታ በኋላ ግማሽ ሰዓት ማንም ንቅንቅ እንዳይል ያዛል። እኔ መከለያው ውስጥ ካለው አግዳሚ ላይ እቀመጣለሁ። ትንሽ ቆይቶ በግራ በኩል አግዳሚው ረገብ ይላል፣ ከባድ ሰው ሲቀመጥበት እንደሚለው። የማሽን ቅባት ይሸተኛል። ከዚያ ምንም በማይሰማው ጆሮዬ ውስጥ፣ ጥርት ብሎ፣ «አሥራ ሰባት» ይላል። አሥር ጉድጓድም ላፈንዳ ሠላሳ፣ እሱ አሥራ ሰባት ነው። አይቆጣም፣ አይወቅስም። ያን ሰው ሲናገር የማውቀው በዚያው በዝግታው ነው። አንድ ቀን ብቻ ደፍሬ ዞርኩ። ማንም የለም፤ አግዳሚውን በእጄ ብዳስሰው ግን ሙቀት ነበረው። ከዚያ በኋላ ዞሬ አላየሁም። አንዳንዴ ይብስብኝና «ሰምቻለሁ! ሰምቻለሁ በቃ!» እለዋለሁ፤ ሠራተኞቹም አፈንጂው ከራሱ ጋር ያወራል ብለው ይተዉኛል።

ታዲያ እንዴት ሥራዬን ቀጠልኩ? በዓይኔ መቁጠር ለመድኩ። እያንዳንዱ ጉድጓድ ሲፈነዳ አቧራው ቦግ ይላል፤ በመከለያው ቀዳዳ እያየሁ አቧራውን እቆጥራለሁ። ዝናብና ጉም ባለበት ቀን ሰበብ ፈልጌ ሥራውን አሳድራለሁ። ወገቤን አመመኝ፣ ክሩ ረጥቧል፣ ምን ጠፍቶ! አሥራ አንድ ዓመት እንዲህ ኖርኩ።

እህቴ ልብስ ሰፊ ናት። ልጇ አባቷ ሲሞት አሥራ ሦስት ዓመቷ ነበር። ያ ሪፖርት ቤታቸው ሲገባ ከባልየው በድን የባሰ ነገር ይዞ ገባ። እህቴ «ለዓለም ሁሉ ቀስ በል ሲል ኖሮ፣ ለእኛ ሲሆን ተጣደፈ!» ትል ነበር። ፎቶውን ከግድግዳ አውርዳ መሳቢያ ውስጥ ከተተችው። ልጅቷ ጫማዋን ረስታ ብትወጣ «አባትሽ!» ትላታለች። ሳህን ብትሰብር «አባትሽ!» ትላታለች። እኔ እዚያው ተቀምጬ ሻይ እጠጣለሁ። ሻዩ እንዴት በጉሮሮዬ እንደሚወርድ ዛሬም ይገርመኛል።

ልጅቷ ሃያ ሁለት ዓመት ሲሞላት አንድ ጠዋት ካባው ድረስ መጣች። «አጎቴ፣ አፈንጂ መሆን እፈልጋለሁ» አለችኝ።

«አብደሻል? ልብስ ስፊ!»

«አባቴ የተሳሳተውን የማይሳሳት ሰው መሆን እፈልጋለሁ» አለች። ከቦርሳዋ የታጠፈ ወረቀት አወጣች፤ ያ ሪፖርት ነው። ፎቶ ኮፒ አድርጋ፣ «በጥድፊያ» የሚለውን ቃል በቀይ አስምራበታለች። ከያንዳንዱ ሥራ በፊት እያነበብኩ ነው የምገባው አለችኝ። እምቢ ብዬ ላባርራት ይገባ ነበር፤ ግን አጠገቤ ብትሆን እጠብቃታለሁ ብዬ ተቀበልኳት። ጠባቂዋ እኔ! ድንቄም ጠባቂ።

መስፈርቱን አንድ በአንድ አሟላች። ሥልጠናውን ጨረሰች፣ በፈተናው ከሠላሳ ወንድ መካከል አንደኛ ወጣች፣ የፖሊሱን ወረቀት አመጣች። የቀረው ካርድ ባለው ሰው ዓይን ሥር ስድሳ ፍንዳታ ማድረግ ነው፤ እያንዳንዱን እኔ እፈርማለሁ፣ ስድሳኛው ላይ ተቆጣጣሪ መጥቶ ያያል። ከሥልጠናው ደግሞ አዲስ ደንብ ይዛ መጣች፦ ከፍንዳታው በኋላ ሁለት ሰው ሳይነጋገር ቁጥሩን ለየብቻው ወረቀት ላይ ይጻፍ። ደንቡን ያወጣውን ሰው ስንት ጊዜ ረገምኩት! ቢሆንም እሱንም አለፍኩት። አቧራው ካልታየኝ የእሷን እስክሪብቶ በጎን እያየሁ እጽፋለሁ። ሌባ ዓይን አለኝ፤ ጆሮዬ የጎደለውን ዓይኔ ሰረቀ።

ስድሳኛው ቀን ጉም ነበር። ገደሉ አይታይም፤ ሰው ከአሥር እርምጃ በላይ ጥላ ነው። «ነገ ይሁን» አልኩ። ተቆጣጣሪው ግን ከተማ ሄዶ ነገ ተመልሶ የሚመጣ ሰው አልነበረም። ሁሉን ነገር በማኅተም የሚጨርስ፣ ጫማው ጭቃ እንዳይነካ እየዘለለ የሚሄድ ሰው ነው፤ «ባለማኅተሙ» ነው የምንለው። «ክሩ ደረቅ ነው፣ ሕጉ ጉምን አይከለክልም። ምን ያስፈራሃል?» አለኝ። ምን ልበለው?

ልጅቷ ሃያ ሁለት ጉድጓድ ሞላች። እጇን ስታዩት! አትቸኩልም። ክሩን ስትቆርጥ፣ ስትለካ፣ ጭንቅላቷን ወደ ጎን ዘንበል ስታደርግ ቁርጥ አባቷ ናት። ሰርሳሪያችን ቀልደኛ ሰው ነው፤ አራት ልጆች አሉት። «እመቤት፣ ካርዱን ስታወጪ ከሱ ጋር ፎቶ አንሺኝና ለሚስቴ ላሳያት፣ ታከብረኝ ይሆናል» አላት። ሳቀችና ለኮሰች። ሁላችንም ወደ መከለያው ገባን።

ባለማኅተሙ ደብተሩን ይዞ በእኔና በእሷ መካከል ተገተረ። እስክሪብቶዋ አይታየኝም። በቀዳዳው ባይ ነጭ ጉም ብቻ ነው። ጆሮዬ ብቻ ቀረኝ፣ እሱም ግማሹ።

ቆጠርኩ። ሃያ፣ ሃያ አንድ… ትንሽ ዝም አለ… ሃያ ሁለት። ጥርት ያለ ነበር። በእናቴ ስም የምምልበት ድምፅ ነበር። ሃያ ሁለት ብዬ ጻፍኩ።

ባለማኅተሙ ሁለቱን ወረቀቶች ገለበጠ። የእሷ ሃያ አንድ ይላል።

«እህ» አለ። «የካርዱ ባለቤት ቁጥር ነው የሚጸናው። ተፈታኟ መቁጠር ተሳስታለች። በዚህ ደግሞ ማንም አያልፍም።»

«አንዱ ከሽፏል» አለች ልጅቷ። «ሰው እንዳይገባ። አጎቴ፣ የመጨረሻው ማሚቶ ነው እኮ።»

ቃል በቃል። ያኔ ልጅ ነበረች፣ እዚያ አልነበረችም፣ ማንም አልነገራትም። በግራዬ ያለውን አግዳሚ ሳልፈልግ አየሁት። ና፣ ተናገር አልኩት በሆዴ፤ በል አሥራ ሰባት በል፣ የዛሬን ብቻ አግዘኝ። አሥራ አንድ ዓመት አንድ ቀን ያልቀረ ሰው ያን ቀን ቀረ። አግዳሚው አልረገበም፣ ቅባት አልሸተተኝም፣ ግራ ጆሮዬ ጭር አለ። እንደዚያ ያለ ፍርሃት ፈርቼ አላውቅም። ሙታን እንኳ ትተውኝ ሲሄዱ ብቻዬን ቀረሁ።

«ግማሽ ሰዓቱ ሲሞላ ሰርሳሪው ይግባ» አለ ባለማኅተሙ። «ስድሳኛውን አልፈርምም። ሌላ ጊዜ ትሞክሪያለሽ።»

ሰርሳሪው የራስ ቁሩን ማጥለቅ ጀመረ። ልጅቷ ወደ እኔ ዞረች። እኔ መሬት መሬት ሳይ ጊዜ ፊቷ ላይ የነበረው ነገር ጠፋ፤ ራሷን መጠራጠር ጀመረች። ሁለት ዓመት ሙሉ ስህተት ያላየችብኝ አጎቷ ሃያ ሁለት ካለ እሷ ማን ናት?

«ቸኩዬ ይሆናል» አለች በቀስታ። «የአባቴ ልጅ አይደለሁ?» እስክሪብቶዋን አነሳችና ሃያ አንዱን ልትሰርዝ ጎንበስ አለች።

እጇን ያዝኩት። እንዴት አድርጌ እንደያዝኩት አላውቅም፤ በኋላ ሳይ አንጓዋ ላይ ጣቶቼ ታትመው ነበር።

«አትሰርዢ!» አልኩ። ጮኼ መሆን አለበት፣ ሰርሳሪው ደንግጦ ቆመ። «ሃያ አንድ ነው። ትክክል ናት። ግራ ጆሮዬ አይሰማም። ከሞተ አሥራ ሦስት ዓመቱ ነው። ሐኪሙን አታልዬ ነው ካርዱን የማወጣው። አንድም ሰው እንዳይገባ!»

ባለማኅተሙ ለመጀመሪያ ጊዜ ጭቃ ረገጠ። «ምን እያልክ እንደሆነ ገብቶሃል? ጆሮህ ካልሰማ ካርድህ ዋጋ የለውም። ካርድህ ዋጋ ከሌለው ፊርማህም የለውም። የዚህች ልጅ ስድሳ ፍንዳታ ሁሉ ዜሮ ነው።»

«ገብቶኛል» አልኩ። ካርዱን አውጥቼ ሰጠሁት።

ከዚያ ማናችንም ፈንጂ መንካት ስለማንችል ከሌላ ካባ አፈንጂ ተጠራ። ከሰዓት በኋላ ደረሰ። ብቻውን ገብቶ ብዙ ቆየ። ሲመለስ ክሩ መሐል ላይ የጠፋበት፣ እስከ አፉ የተሞላ ዘጠነኛ ጉድጓድ አግኝቶ አክሽፎታል። ሰርሳሪው አልቀለደም። ልጅቷን ትከሻዋን ያዝ አደረጋትና ወደ ቤቱ ሄደ።

እሷ መከለያው ውስጥ ተቀምጣ ነበር። አጠገቧ ቆምኩ። በጣቷ ጉልበቷ ላይ የሆነ ነገር ትጽፋለች።

«አሥራ ሦስት ዓመት ነው ያልከው» አለች።

«አዎ።»

«አባቴ ከሞተ አሥራ አንድ ነው።»

«አዎ።»

ቀና ብላ አየችኝ። የምትጠይቀውን እያወቀች፣ እንዳትጠይቀው እየፈራች አየችኝ። ነገርኳት። ምንም አላስቀረሁም፤ ካርዱን አፍንጫው ሥር ማውለብለቤን፣ «ካርዱ ከሰማ ሰምቷል» ማለቱን፣ ሲሄድ አለመጥራቴን፣ ሪፖርቱ ላይ መፈረሜን። ይቅርታ የሚለው ቃል አፌ ላይ መጥቶ ነበር፤ አፍሬ ዋጥኩት። በአሥራ አንድ ዓመት አንድ ጊዜ እንኳ ያላልኩትን፣ ጉዴ ከወጣ በኋላ ብለው ምን ይረባል?

አለቀሰች ብዬ ልዋሽ አልችልም። ያን ሪፖርት ከቦርሳዋ አወጣችና በቀይ ያሰመረችበትን ቃል ለረጅም ጊዜ አየችው።

«ትክክል ቆጥሮ ነበር» አለች።

«ትክክል ቆጥሮ ነበር።»

«እኔ በእሱ አፍሬ ነው ያደግኩት፤ ታውቃለህ? ትምህርት ቤት ‹አባትሽ በምን ሞተ› ሲሉኝ በበሽታ ነው እል ነበር።» ተነሳች። «ለእናቴ እኔ አልነግራትም። አንተ ትነግራታለህ። ዛሬውኑ።»

«እሷ ትሞትብኛለች…»

«ዛሬውኑ!» አለች። ድምፅዋን ከፍ ስታደርግ ሰምቻት አላውቅም ነበር።

እህቴ መስኮቱ ሥር፣ የስፌት መኪናዋ ላይ ነበረች። የሰው ሠርግ ልብስ ትሰፋለች፤ ነጩ ጨርቅ ወለሉን ሸፍኖታል። እኔን ስታይ «ምነው በዚህ ሰዓት? ልጄስ? አለፈች?» አለች፣ እግሯን ከመርገጫው ሳታነሳ።

«እትዬ፣ መኪናውን አቁሚው።»

«ልጄ ምን ሆነች?»

«ልጅሽ ደኅና ናት። ዛሬ የአራት ልጆች አባት አድናለች። ስለ እሷ አይደለም።»

ቆሜ ነገርኳት። መቀመጥ አልቻልኩም። ግማሹ ላይ ስደርስ እግሯ መርገጫው ላይ እንዳለ ቀረ፤ ያለቅሳል ያልኩት ዓይኗ ደረቅ ነበር። «ቀስ በል አለኝ፣ አልሰማሁትም» ስል ጨርቁን ከጉልበቷ ላይ አንስታ በሥርዓት አጠፈችው። የሰው ሠርግ ልብስ ነው፣ እንዳይቆሽሽ። ጨረስኩ። በጥፊ ብትለኝ፣ መቀስ ብትወረውርብኝ እፎይ ባልኩ ነበር።

«አልቸኮለም?» አለች።

«አልቸኮለም፣ እትዬ።»

«እኛን አልረሳንም?»

«አልረሳችሁም።»

«በየማታው ስተኛ እሰድበው ነበር» አለች። «አንተ ቸኳላ፣ አንተ ጨካኝ፣ ለልጅህ እንኳ አልሳሳህም እለው ነበር። አንድም ቀን አላለቀስኩለትም። ሲያለቅሱለት የነበሩት ጎረቤቶች ናቸው፤ እኔ ተናድጄ ጥርሴን ነክሼ ተቀመጥኩ።» ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች፣ መልሳ ገለጠችው። «አንተንስ እዚህ እጣላሃለሁ፤ በእጄ ነህ። እሱን ይቅርታ የት ሄጄ ልጠይቀው? ንገረኝ እንጂ! የት ሄጄ?»

ጉልበቷ ላይ ልወድቅ ስል በእጇ ገፋችኝ። አትንካኝ አለች። ከዚያ ተነሳችና ጫማዋን ፈለገች፣ ሻርፕዋን ከበሩ ጀርባ አነሳች።

«የቀብሩ ቀን ከመቃብር ስፍራው በር ነው የተመለስኩት» አለች፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው እንዳዞረች። «ንዴቴ አላስገባኝም። ከዚያ በኋላም አልሄድኩም። ባሌ የተኛበትን አላውቀውም። አንተ ታውቀዋለህ?»

«አውቀዋለሁ። በየወሩ እሄዳለሁ።»

«እንግዲያው አሳየኝ። ከዚያ በኋላ ደጄን እንዳትረግጥ።»

ወጣን። ከእኔ ጎን መሄድ ስላልፈለገች ፈጠን ፈጠን እያለች ከፊት ሄደች፤ እኔ ከኋላ። መንገዱን ግን አታውቀውም። መታጠፊያው ላይ በደረሰች ቁጥር ትቆምና ዞራ ታየኛለች። እኔም በእጄ አሳያታለሁ።